የእማማ በረንዳና የሰፈሩ ስልኮች

ነሐሴ 2017 የሰፈራችን ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ጨለማ ውስጥ በሰነበትንበት ሰሞን፣ አንድ ዓርብ ማታ በ966 ከሚጀምር ቁጥር ተደወለልኝ። የኋላ ጎረቤታችን የእማማ ልጅ ናት። ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስትሄድ «ለክፉ ቀን» ብላ ቁጥሬን ወስዳ ነበር፤ እስከዚያ ዕለት ግን ደውላልኝ አታውቅም። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «እናቴ ደህና ናት? እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ።

«ደህና ናቸው፤ ዛሬ እንኳ ከቅዳሴ ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ» አልኳት። ፍልሰታ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን የሚውሉበት ሰሞን ነው። ትንሽ ዝም አለችና ከጠዋት ጀምሮ ስትደውል እንደዋለች፣ ስልኳን እንደ ልብ የምታገኘው ዓርብ ብቻ እንደሆነ፣ ዛሬ ድምፃቸውን ካልሰማች ሳምንቱን እንዴት እንደምትገፋው እንደማታውቅ ነገረችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ በጓሮ በኩል ዞሬ ሄድኩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሳሎናችን ውስጥ ጠረጴዛው ሙሉ የሰፈር ስልክ ተደርድሮ ቻርጅ እየተደረገ ነበር። ጣሪያችን ላይ ሶላር ስላለ መብራት በሄደ ማግስት ጀምሮ ጎረቤት ሁሉ ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ማንንም አልመለስንም፤ ከማንም ሳንቲም አልተቀበልንም። የታች ሰፈር ልጆች ሳይቀሩ መጥተዋል። ግድግዳ የሚለየን እማማ ግን አልመጡም። ያ ነገር ከዚያ ወዲህ ከውስጤ አልወጣም።

ምን ይዤ ልምጣ?

እናትና ልጅ ብዙ አላወሩም። በልተሻል ወይ፣ ብርድ አለ ወይ፣ ጾሙን ያዝሽ ወይ፣ ያው የእናት ጥያቄ ነው። ሲጨርሱ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መለሱልኝ። እኔም «እማማ፣ ስልክዎን ለምን አላመጡትም? እኛ ጋ እኮ ሶላር አለ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ።

ቁጭ እንድል አመለከቱኝ። ሻማዋ ልታልቅ ደርሳለች። «ልጄ፣ አንድ ቀን ቢሆን እመጣ ነበር። ይሄ ግን መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ነገር ነው። ዛሬ መጣሁ፣ ነገም መጣሁ፣ ከነገ ወዲያስ? ውሻው ይጮሃል፣ ልጅቷ ሥራዋን ትታ በር ትከፍታለች፣ ባልሽ ከሥራ ገብቶ አረፍ ባለበት እኔ ሳሎን ልቀመጥ ነው። እሺ ይሁን፣ ልምጣ፤ ምን ይዤ ልምጣ? የሰው ወርቅ አያደምቅም።»

«ምንም ይዛችሁ ኑ አላልንም እኮ» ስላቸው፣ «እሱማ ነው የከበደኝ» አሉ።

ቤቴ ገብቼ ያንን ጠረጴዛ እንደገና አየሁት። የማን ስልክ ነው ያለው? የመኪና ባለቤቱ የጎረቤታችን፤ ባለፈው ጎማ ሲፈነዳብን የረዳን። የባለ ሱቁ፤ እስከ ወር መጨረሻ በዱቤ የሚሰጠን። የነርሷ፤ ልጄ ሲታመም መርፌ የወጋችልን። የባለቤቴ የኳስ ጓደኞች። በራችንን ለማንኳኳት ያልከበዳቸው ሁሉ፣ ቀድሞ አንድ ነገር ያደረጉልን ወይም ነገ እንደሚያደርጉልን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። መስጠትና መቀበል ከዱሮ ጀምሮ ሲመላለስባቸው የኖሩ ቤቶች ናቸው። ነፃ ማድረጋችን ለእነሱ ምንም አይደለም፤ ይመልሱታል። ለእማማ ግን መመለሻው የማይታይ ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ በየቀኑ ሲጨመር ሸክም ነው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። እውነት ነው፤ እኔም አምንበታለሁ። ቅርበት ግን በርቀት መለኪያ ብቻ እንደማይለካ ያን ማታ ነው የገባኝ። በእኔና በእማማ መካከል ያለው አንድ ግንብ ነው፤ ያንን ግንብ ዞሮ ለመምጣት ግን የታች ሰፈሩ ልጅ ካቋረጠው አስፋልት የበለጠ መንገድ ነበረው። ይህ የኩራት ጉዳይ አይደለም። ሰው በሰውነቱ ቀና ብሎ መግባት የሚችልበትን በር ይመርጣል፤ እንደዚያ ያለ በር ከሌለ በጨለማ መቀመጥን ይመርጣል።

ስልክ ሲዘጋ

«ስልክ ቢዘጋ ምናለ፣ ድሮ ስልክ ነበር እንዴ?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ድሮ ገንዘባችንም ስልክ ውስጥ አልነበረም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሰፈራችን ሰው ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ የእቁብ ዕጣውን በስልክ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ነዳጅ ቀድቶ መክፈልም በስልክ ሆኗል። ከባንክ ብር ለማዘዋወር የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥርም የሚገባው እዚያው ነው። ስለዚህ ስልክ ሲዘጋ ቦርሳ አብሮ ይዘጋል። በጥሪ የሚሠራው የራይድ ሾፌር ደግሞ ስልኩ ከተዘጋ መኪናው ቆመ ማለት ነው፤ የዕለት ገቢው ቀረ።

ሌላም አለ። መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ የኔትወርክ ማማዎቹም በባትሪና በጀነሬተር ላይ ይወድቃሉ፤ እሱ ሲደክም ኔትወርኩ ይሳሳል። ስልክ ደግሞ ኔትወርክ ሲሳሳበት ማማውን ለመድረስ ጉልበቱን ይጨምራል፤ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ማለትም ስልክ በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት ነው ቶሎ የሚያልቀው። ማታ ማታ ኢንተርኔቱን ዝጉ፣ የምትጠብቁት ጥሪ ከሌለ የአውሮፕላን ምልክቷን ንኩ እያልኩ ለሁሉም እናገር ነበር። እንደ እማማ የሪያድ ጥሪ የሚጠብቅ ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ መንቃት አለበት።

የፀሐዩ ሒሳብ

ዕቃችን ትልቅ አይደለም። ባለ 150 ዋት አንድ ፓኔል፣ ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት አንድ ባትሪ፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር ቻርጅ ኮንትሮለርና የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት መብራት 220 የሚቀይር ትንሽ ኢንቨርተር። ቤቴ ሆኜ የድርጅቶች ሒሳብ ስለምሠራ፣ ላፕቶፔና ዋይፋዬ እንዳይቋረጡ ብሎ ወንድሜ ከመርካቶ ገዝቶ የሰቀለልኝ ነው። የሒሳብ ሰው ነኝና ያን ሰሞን ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት።

የዛሬ ስማርት ስልክ ባትሪው 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው። በዋት ሰዓት፣ ማለትም በኃይል ብዛት መለኪያ፣ ሲቆጠር 19 ግድም ይመጣል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመርበት አንድ ስልክ ከባዶ እስከ ሙሉ 25 ዋት ሰዓት ይወስዳል ብንል አንሳሳትም። እንደ እማማ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ግን ባትሪው 1,000 ብቻ ስለሆነ በ5 ዋት ሰዓት ይጠግባል። አንዱ ስማርት ስልክ የሚወስደው ለአምስት ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ሳየው ደነገጥኩ፤ ያልመጡት ሰዎች ከሁሉም ያነሰ የሚፈልጉት ነበሩ።

ጠራ ባለ ቀን የእኛ ፓኔል 500 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ ሃያ ስማርት ስልክ ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ደመናው ሲከብድ ግማሹንም አይሰጥ። አቀማመጡም ይቆጠራል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለሆነች በጋውን ፓኔል ወደ ደቡብ ዘንበል ማለቱ ልክ ነው፤ ሰኔና ሐምሌ ግን የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ስለምትሄድ፣ ደቡብ ያየ ፓኔል ይቀርበታል። ነሐሴ መገባደጃ ላይ ናት ተመልሳ አናት ላይ የምትቆመው። አቧራና ቅጠል መጥረግ፣ የጎረቤት ዛፍ ጥላ እንዳይነካው ማየት፣ ይህ ሁሉ ተጨማሪ ስልክ ነው።

የሰፈራችን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወጣት መጥቶ ሲያይ መጀመሪያ ያጠፋው ኢንቨርተሩን ነው። «12 ቮልቱን ወደ 220 አውጥተሽ፣ ቻርጀሩ ደግሞ መልሶ ወደ 5 ያወርደዋል፤ ሲወጣም ሲወርድም ይባክናል። ኢንቨርተሩ ምንም ሳይሰካበት ራሱ ይበላል» አለኝ። መኪና ውስጥ የሚሰካውን ቻርጀር ገዝቶ በቀጥታ ከባትሪው ጋር በፊውዝ አያያዘልን። በዚያው ፀሐይ ተጨማሪ ስልኮች አገኘን። ባትሪው ከ12.1 ቮልት በታች ሲወርድ እንድናቆምም አስጠነቀቀን፤ እንዲህ ያለውን ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ማውረድ ዕድሜውን መቁረጥ ነው።

እሱ ነው ደግሞ እስከ 80 በመቶ ብቻ የሚለውን ሕግ ያመጣው። ስልክ እስከዚያ ቶሎ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የራሱን ባትሪ ለመጠበቅ ፍሰቱን እየቀነሰ ይሄዳል። መቶ እስኪል መጠበቅ ሶኬቱን ይዞ ሌላውን ማስቆም ነው።

ሰው ሁሉ በየመንገዱ የሚያወራው ስለ ግድቡ ነበር። ሊመረቅ ቀናት ቀርተውታል፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀም። «5,150 ሜጋ ዋት እያለን በሻማ?» የሚለውን ጥያቄ ስንቴ ሰማሁት። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ግድቡ ላይ ሳይሆን ማዕዘናችን ላይ ያለ ነው። ኃይሉ በ15 ሺህ ቮልት ሰፈር ድረስ መጥቶ ወደ 380 እና 220 የሚያወርደው ያ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ነው። እሱ ሲተከል የነበሩት ቤቶችና ዛሬ ያሉት ቤቶች አንድ አይደሉም፤ በየግቢው ሰርቪስ ቤት ተሠርቷል፣ በየሰርቪሱ ምጣድ አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። በአንድ ሰዓት የእንጀራ ጋገራ የሚሄደው ኃይል ለ140 ስማርት ስልክ ይበቃል። የሰፈር ሰው ሁሉ ተነጋግሮ ምጣዱን በተራ ቢያበራ ትራንስፎርመሩ ዕድሜ ያገኛል ብዬ አምናለሁ፤ እስካሁን ግን ይህን ሐሳብ ይዤ ያሳመንኩት ሰው የለም።

በረንዳው

በማግስቱ ቅዳሜ ለእማማ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። ባትሪው እሳቸው በረንዳ ላይ ይቀመጥ፤ ጠባቂም እሳቸው ይሁኑ። ያልኩት ለማስመሰል አልነበረም። እኛ ቤት ቀን ቀን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ እኔ በር ዘግቼ ነው የምሠራው፤ ማታ ሁሉም ባንዴ ይመጣና ወረፋው ይጨናነቃል፤ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ሶኬቶቹ ባዶ ናቸው። የእማማ በረንዳ ግን መንገድ ዳር ነው። አጥር የለውም፤ አላፊ አግዳሚው ሰላም ብሎ የሚያልፍበት ነው። እሳቸው ከቅዳሴ መልስ እዚያው ነው የሚውሉት፤ እሳቸው በሌሉበት የእህታቸው ልጅ አለች።

«ኮረንቲው አይዘኝም?» ብቻ ነው ያሉኝ። 12 ቮልት ሰው እንደማይዝ፣ ነገር ግን ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ብረት እንዳያገናኛቸው ወጣቱ አሳያቸው፤ ባትሪውንም በእንጨት ሳጥን ሸፈነላቸው። ቦታው አየር የሚያገኝ መሆኑም ጠቀመን፤ እንዲህ ያለው ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ ዝግ ክፍል ውስጥ አይደረግም። የፓኔሉን ሽቦ በወፍራም ገመድ በግንቡ ላይ አሳልፎ፣ ኮንትሮለሩንና ባትሪውን ከስልኮቹ አጠገብ አደረገ። ረጅሙ መንገድ በፓኔሉ በኩል ይሁን ያለው፣ በ5 ቮልት ረጅም ሽቦ ከተጎተተ መድረሻው ላይ የሚተርፍ ስለሌለ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላቀድኩትም። እኛ ቤት ሳለ በስልኮቹ ላይ ፕላስተር ለጥፈን ቁጥር እንጽፍ ነበር። እማማ የጥልፍ ክር አወጡ። በእያንዳንዱ ስልክ ላይ አንድ ቀለም፣ ያንኑ ቀለም በባለቤቱ ጣት ላይ። ክርህን ሳታሳይ ስልክህን አትወስድም። ሰው እኛ ቤት ስልኩን ትቶ መሄድ ይፈራ ነበር፤ ገንዘቡም ፎቶውም ሚስጥሩም እዚያ ውስጥ ነውና አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሲም ካርዱን አውጥቶ የሚሄድም ነበር። እማማ ጋ ግን ጥሎ ይሄዳል። ክሩ ስላለ ይሁን እሳቸው ስለሆኑ አላውቅም።

ተራውንም በራሳቸው መንገድ አወጡት። ጠዋት ጠዋት ባለ ቁልፍ ስልኮች፣ «እነዚህ ትንሽ ነው የሚጠጡት፣ ቶሎ ይነሳሉ» ብለው። ቀትር ላይ፣ ሾፌሮቹ ለምሳ ሲመጡ የእነሱ። ማታ የተረፈው። እኔ በወረቀት ያወጣሁት ስሌትም ከዚህ የተሻለ አይልም፤ ቀትር ላይ የሚሰካ ስልክ ባትሪው ውስጥ ገብቶ ሳይወጣ ከፓኔሉ በቀጥታ ስለሚሞላ የሚባክነው ያነሰ ነው።

ክፍያ ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። አምስት ብር፣ በቡና ጣሳ። እኔ ተቃውሜ ነበር። «ነፃ ከሆነ እንደኔ ያለው አይመጣም» አሉኝ፤ ተቀበልኩ። የሌለው ደግሞ «ነገ» ይላል፤ እሳቸውም «ነገ» ይላሉ። በጥቂት ቀን ውስጥ እኛ ቤት ታይተው የማያውቁ ሰዎች መምጣት ጀመሩ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉ ሁለት አሮጊቶች፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ቆሎ የምትሸጠው ልጅ። ሁሉም ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ፤ ሁሉም ከሩቅ ሰው የሚደወልላቸው።

እኔም ላፕቶፔን ታቅፌ በጓሮ ዞሬ መሄድ ግድ ሆነብኝ፤ ባትሪው የለም እንግዲህ። የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ስደርስ እጄን አየሁት። ተመልሼ ስኳር ይዤ ሄድኩ።

ተከራዩስ?

ትራንስፎርመሩ ተቀይሮ መብራት ከመጣ በኋላ ባትሪው ወደ እኛ አልተመለሰም። መብራት አሁንም ይሄዳል፣ ይመጣል፤ በረንዳው ሥራ አልፈታም። የሪያዷም ልጅ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ለኔ ላፕቶፕ ወንድሜ አነስ ያለ ሌላ ባትሪ አገናኝቶልኛል።

የቀረው ነገር የባለቤትነት ጉዳይ ነው። እንዲህ በየቀኑ የሚሠራ ባትሪ ጥቂት ዓመት ቢያገለግል ነው፤ ሲደክም በጣሳው ያለው ብር አይገዛውም። ስለዚህ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሳ። አብዛኛው ሰው እድሩ ይግዛውና የእድሩ ንብረት ይሁን አለ፤ ደስ ብሎኛል። ከዚያ አንድ አባት ተነሥተው «እንግዲያውስ ለእድሩ አባላት ብቻ ይሁን» አሉ፤ ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

እኔ ይህን አልቀበልም። በሰፈራችን ሰርቪስ ቤት የሚኖረው ተከራይ አብዛኛው የእድር አባል አይደለም። ዛሬ እዚህ ነው፣ ኪራይ ሲጨመርበት ነገ ሌላ ሰፈር ነው፤ መዋጮ ከፍሎ ሳይጠቀምበት ይሄዳል። የጥበቃ ሠራተኛውም ቆሎ ሻጯም ተከራይ ናቸው። ለድንኳንና ለወንበር የአባልነት ደብተር መጠየቅ ይገባኛል፤ ለብዙ ጊዜ የተዋጣበት ነው። ለአምስት ዋት ሰዓት ደብተር ከተጠየቀ ግን እማማ በሻማ ቁጭ ብለው «ምን ይዤ ልምጣ?» ያሉትን ያህል ከፍ ያለ በር ነው የምንሠራው፤ ከዚያም የከፋው፣ ይህኛው በውሳኔ የተሠራ ይሆናል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ያዘጋጀሁት ሐሳብ ይህ ነው፤ እድሩ ባትሪውን ይግዛ፣ አባል የሆነም ያልሆነም አምስት ብሩን ይክፈል፣ የጣሳው ብር በየወሩ ተቆጥሮ ለሚቀጥለው ባትሪ ይቀመጥ፣ ክሩንና ተራውን እማማ እንደያዙት ይቀጥሉ። ሒሳቡን ያለ ክፍያ እኔ እይዛለሁ። ስድስት ሰዎች እንደሚደግፉኝ ነግረውኛል፤ አባትየውን ደግሞ ከስብሰባው በፊት ቤታቸው ሄጄ አናግራቸዋለሁ።